ከአጥር ማዶ ያፈራው ወይን

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ አንዱን ምረጪ» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ ሳይ የወይን ችግኝ ነው። የተዳቀለ ወይን የሚሸጥ ሰው ዓይነቱን ከነፎቶው ደርድሮታል። አንዱ ቶሎ ያፈራል፣ ሌላውን በሽታ አይነካውም፣ ሌላው ደግሞ ይዘገያል፣ ወይን ጠጁ ግን ልዩ ነው ይላል። «ጓሮ እንትከለውና ጥላ ይሆንሻል። እቤት ወይን ጠጅ እየጠመቅሽ ትዝናኛለሽ» አለች። እኔ በወይን ጠጅ ጠመቃ እዝናናለሁ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሜሮን ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራ፣ በየቀኑ ከአዳማ ሞጆ የምትመላለስ፣ ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ ትዕግሥት የሌላት ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት እሷና እኔ ብቻ ነን። ዛሬ ምን ነክቷት ነው ስለ ወይን የምትጨነቀው ብዬ አየኋት። ከዚያ ዓይኔ «ይዘገያል» የሚለው ቃል ላይ ተተክሎ ቀረ።

እኔ በወይን ታስሬ የማውቅ ሰው ነኝ። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ጠጥቼ የታሰርኩ ይመስለዋል። ያኔ ግን ጠብታ አልቀመስኩም ነበር፤ የታሰርኩትም ስላልቀመስኩ ነው።

በዚያ ጊዜ ከተማችን አዳማ የምትባለው ናዝሬት ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጂ ሸንኮራ ሲያስቆርጡ የኖሩ፣ የቆራጮች አለቃ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ናዝሬት ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ገዙና እናቴን፣ ወንድሜንና እኔን ይዘው ገቡ። ወንድሜ ብዙም ሳይቆይ መተሐራ ሥራ አገኘና እዚያው አግብቶ ቀረ። እናቴ ደግሞ ቤቱን በወጉ ሳትለምደው ሞተችብን። ያ ሁሉ ክፍል ለአባቴና ለእኔ ተረፈ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ አሰላ የመምህራን ማሠልጠኛ አለፍኩ። አሰላ ሩቅ አይደለችም። አውቶቡሱ በዴራና በኢተያ አድርጎ እያቃሰተ ሽቅብ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፣ የገብስ ማሳው ይመጣል። ለእኔ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። ናዝሬት ላይ አቧራው ከላብ ጋር አንገቴ ላይ ሲጋገር፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት የጭላሎ ተራራን ከሩቅ እያየሁ «እዚያ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቤ እተኛለሁ» እያልኩ እመኝ ነበር። ማስተማር መፈለጌ እውነት ነው። የብርድ ልብሱም ምኞት ግን ቀላል አልነበረም።

አባቴ አትሂጂ አላሉኝም። አትሂጂ ቢሉኝ ኖሮ አልቅሼም፣ አኩርፌም፣ ሽማግሌ ልኬም መላ አላጣም ነበር። ጓሮአችን ውስጥ እናቴ የተከለቻት አንዲት ወይን ነበረች። አንድ ቀን ምሳ እየበላን እሷን እያዩ «እናትሽ ከዚህች ጠምቃ ልታቀምሰኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ሞት ቀደማት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ጥመቂልኝ። ከጓሯችን ወይን አንድ ብርጭቆ እስክንቀምስ ቆዪልኝ፤ ያን ዕለት መርቄ እልክሻለሁ» አሉኝ።

ለዛሬ ልጆች ምርቃት ማለት ጥቁር ካባና ፎቶ ነው። በእኛ ቤት ግን አባቷ ሳይመርቃት የወጣች ልጅ መንገዱ አይቀናትም ይባል ነበር። ወንጂ ሰፈራችን ውስጥ ሳትመረቅ ኮብልላ የሄደች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የደረሰባትን ሁሉ፣ የጥርስ ሕመሟን ጭምር፣ ሰው ከዚያ ጋር ያያይዘው ነበር። ዛሬ እስቃለሁ እንጂ እኔም አምን ነበር። በሩ አልተቆለፈብኝም፤ ቁልፉ ግን አባቴ አፍ ውስጥ ነበር።

ትንሽ ጊዜ ነው ብዬ እሺ አልኩ። በዚያው ክረምት ወይኗ ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ በሽታ ወረደባት። ፍሬዋ ሽምብራ ሳያክል ተሰነጣጥቆ ደረቀ። አባቴ ከሥሯ ነቅለው ጣሏት። መስከረም ጠባና ጓደኞቼ አሰላ ገቡ፤ እኔ ጓሮ ውስጥ ለአዲስ ወይን ጉድጓድ እቆፍር ነበር።

አዲሶቹን ያመጡልን ጋሽ ቱሉ ናቸው። ወንጂ ከአባቴ ጋር ሠርተው፣ ኋላ በአቦምሳ መንገድ ካለ የፍራፍሬ እርሻ የገቡ ሰው ናቸው። በር ላይ ሆነው «አካም ጅርቱ!» ብለው ሰላም ሲሉን ድምፃቸው ጓሮ ድረስ ይሰማ ነበር። እርጥብ ጆንያቸውን ፈቱና ሦስት እስር የወይን ቁራጭ መሬት ላይ ዘረጉ። ወይኖቹ ስም የላቸውም፤ እርሻው ውስጥ በቁጥር ነው የሚጠሩት።

«እነዚህ ድቅሎች ናቸው» አሉ ጋሽ ቱሉ። «አባትየው የፈረንጅ ወይን ነው፣ ለጣዕሙ። እናትየዋ የጫካ ናት፣ ለጥንካሬዋ። ያ ነጭ በሽታ እነዚህን አይደፍራቸውም።»

«እንደ በቅሎ መሆናቸው ነዋ» አልኩ እኔ። «ታዲያ በቅሎ መች ትወልዳለች?»

«እነዚህ ይወልዳሉ ልጄ፣ አትፍሪ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዱን። የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ ቶሎ ያፈራል፣ ቆዳው ግን ስስ ስለሆነ ዝናብ ካገኘው ይፈነዳል። ሁለተኛው ነጭ ነው፤ ሲበሉት ያምራል፣ ለጠመቃ ግን ውሃው ይበዛል። ሦስተኛው ቀይ ነው። ወይን ጠጁ ወፍራም ነው፣ ዛፉም ብርቱ ነው፤ ብቻ ሰነፍ ነው፣ ሥሩን ሳያደላድል ፍሬ አያሳይም። እኔ እስከ መጨረሻው መስማት እንኳ አላስፈለገኝም።

«አባዬ፣ ጥቁሩን እንትከል» አልኩ። «ዝናብ ሳይመጣ እንለቅመዋለን። ከመጣም እኔ ራሴ ሸራ እወጥርለታለሁ።»

አባቴ ሦስተኛውን እስር አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑት። «የማይቸኩል ወይን ነው ወይን። የኛ ይኼ ነው» አሉ።

ጋሽ ቱሉ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አዩ። «ለጀማሪ እንኳ ጥቁሩ ይሻል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። አባቴ ግን አካፋቸውን ይዘው ተነሥተዋል። ያን ቀን የአዋሽ አምባዛ ዓሣ ጠብሼ፣ ቃሪያና ሎሚ አድርጌበት ነበር። እነሱ የወንጂን ወሬ እያነሡ እየሣቁ በሉ፤ እኔ ሳልበላ ተነሣሁ። በአባቴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ወይኖቹ ጸደቁ። የብርድ አገር ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል አሉ። የኛ አገር ሙቀት ግን አያስተኛውም። ስለዚህ ውሃ ይከለከልና፣ ቅርንጫፉ ይቆረጥና፣ በግድ እንዲያንቀላፋ ይደረጋል፤ ሲነቃ ነው የሚያፈራው። ይህን ጋሽ ቱሉ ነግረውናል፤ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ግን አልነገሩን ወይም እኛ አልጠየቅንም። ጥር ላይ አባቴ የወንጂ ገጀራቸውን አወጡ። ሞርደውት፣ ወገባቸውን በመቀነት አስረው፣ ጎንበስ ብለው ወይኖቹን ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተው ጨፈጨፏቸው። አንዷ ብቻ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ ስለበቀለች ገጀራ የሚወነጭፉበት ቦታ አጡና ትተዋት አለፉ።

«አባዬ፣ አልበዛም?» አልኳቸው።

«ቁርጥ ከሥር ነው» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «ከሥሩ ያልተቆረጠ ሸንኮራ መልሶ አያምርም። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

የተቆረጠው ሁሉ ቅጠል ሆኖ ወጣ። እንደዚያ ያለ ቅጠል አይቼ አላውቅም። መጋቢት ላይ የተወጠረለትን ሽቦ ሞላው፣ ሚያዝያ ላይ መስኮቴን ሸፈነው። ክፍሌ ውስጥ ቀንም መብራት አብርቼ ነበር የማነበው። ነፋስ እንኳ ሲያልፍ አይሰማም፤ ሙቀቱ ቅጠሉ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፣ ትንኙም አብሮት። የመጣው እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ ጥላ ነው!» ብሎ ያደንቃል። እኔ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ቅጠሉን እየገለጥኩ አንድ ዘለላ እፈልግ ነበር። ቅጠል ብቻ ነው። ከማድ ቤት ጀርባ ያለችዋን ማንም አላያትም፣ ውሃም ያጠጣት የለም፤ ቅርንጫፏ በቆርቆሮው አጥር ላይ ወጥቶ ማዶ ስለወረደ የሚታየው ግንዷ ብቻ ነበር።

ቤታችን ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ረዳቶቹ «አሰላ! አሰላ! አንድ ሰው የቀረው!» ብለው ሲጣሩ ከጓሮ እሰማለሁ። ያ የቀረው አንድ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ገበያ ሄጄ ቲማቲምና ፓፓያ እገዛለሁ፣ ስመለስ መንገዴን አዙሬ በመናኸሪያው በኩል አልፋለሁ፣ አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ መጥቼ ወጥ እሠራለሁ። እስረኛ ቢያንስ ያሰረውን ይረግማል። እኔ ግን አባቴን እወዳቸው ነበር። ከምሳ በኋላ ቅጠሉ ሥር ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ በጥርሳቸው እየላጡ «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። እጄን በየቀኑ ይመርቁታል፤ እግሬን አይመርቁትም። አንዳንዴ ወጡን ሆን ብዬ ባሳርረው ያስወጡኝ ይሆን ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

ጥር ተመልሶ ሲመጣ ገጀራውም ተመልሶ ወጣ። «ጋሽ ቱሉን እንጠይቃቸው» ብላቸው «ቱሉ መቁረጥን ከኔ ነው የተማረው» አሉኝ። ያኔ ነው ጥርጣሬው የገባብኝ። ሰነፉን ወይን የመረጡት፣ እንዲህ ከሥሩ የሚጨፈጭፉት፣ ሆን ብለው ቢሆንስ? እንዳያፈራ ቢሆንስ? አባቴን እንደዚህ ማሰቤ ራሱ ኃጢአት መሰለኝ። አንዴ ካሰብኩት በኋላ ግን መተው አቃተኝ። የማሠልጠኛውን መግቢያ ፈተና እንደገና ተፈትኜ እንደገና አልፌ ነበር። በዚህ መስከረም ካልገባሽ ሌላ ዕድል የለም ተብያለሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘው ቆመዋል። እትዬ ዘሃራ ከወሎ የመጡ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው። አባቴም ከዱካቸው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ዕቃችሁ እኔ ጋ ገብቶ ከርሟል፤ ልመልስ ብዬ ነው» አሉና ጨርቁን ገለጡት። ትሪው ሙሉ ቀይ ወይን ነው፣ ዘለላ በዘለላ ላይ።

«ከየት የመጣ ነው?» አሉ አባቴ።

«ከናንተው ነዋ! ቅርንጫፉ በአጥሩ ዘሎ የልብስ ማስጫ ገመዴ ላይ ተጠምጥሟል። ዐምና ልቆርጠው ብዬ አሳዘነኝ፤ ይኸው ዘንድሮ አፈራ። ወላሂ አንዲት ፍሬ ነው የቀመስኩ። ለኔ ጥላው ይበቃኛል፣ ፍሬው የባለቤቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን እንደምታደርጉበት አልጠይቅም። እኔ የመለስኩት ፍሬ ነው።»

አባቴ ወንበር አስመጥተው አጥሩ ሥር አቆሙና ወጡበት። ረጅም ጊዜ ወደ ማዶ አዩ። ገጀራ ያልነካው ቅርንጫፍ እንደልቡ ረዝሞ፣ የቀረው ዘለላ ከጫፉ ተንጠልጥሎ እንደነበር ኋላ እኔም ወጥቼ አይቻለሁ።

«ለካ ይኼ ሸንኮራ አይደለም» አሉ።

ሲወርዱ ትከሻዬን ተደገፉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። የፈራ ሰው ፊት ነበር። ባዶ ቤት፣ ባዶ ማዕድ፣ እጅሽ ይባረክ የሚሉት ሰው ማጣት፤ ያን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያዩት መሰለኝ። ሳያውቁ ቆርጠው ይሁን እያወቁ፣ ከዚያች ቀን ወዲያ መጠየቁን ተውኩት። አሳዘኑኝ።

አሳዘኑኝ ብዬ ግን አልዘገየሁም። በዚያው ቀን ፍሬውን ከዘለላው ለቅሜ ሳፋ ውስጥ በእጄ ጨመቅሁት። ስኳር ጨመርኩበት፤ የወንጂ ልጅ ስኳር አይቸግረውም። ጀሪካን ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን በስቼ ቀጭን ቱቦ አስገባሁና ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት፤ አየር እንዳይገባ እንዲህ ነው የሚደረገው ብለው ጋሽ ቱሉ አሳይተውኝ ነበር። ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ ጆሮዬ እሱ ጋ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ቱቦው ወልቆ አገኘሁት። ድመቷን ጠረጠርኩ፤ ከድመቷ ሌላ መጠርጠር አልፈለግሁም። መልሼ ሰካሁት።

ጳጉሜን ላይ «ዛሬ እንቅመስ» አልኳቸው። በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። ቀለሙ ደም የመሰለ፣ የሚያምር ነበር። አፍንጫዬ ጋ ሳደርሰው ግን አወቅሁ። ጎንጨት ስል ጉሮሮዬን ቧጠጠው። አቼቶ ሆኗል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሌላ ጥር፣ ሌላ ገጀራ፣ መስኮቴ ላይ ሌላ ቅጠል ታየኝ። አሁን አባቴ «ይኼማ አልሆነም፤ ለከርሞ ደግሞ እንሞክር» ቢሉኝ ምን መልስ አለኝ? ወይን ጠጅ ነው የተባባልነው፣ አቼቶ አይደለም። ብርጭቆዬን አስቀምጬ አንገቴን ደፋሁ።

አባቴ ብርጭቆአቸውን አነሡ። አሸተቱት። አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው፣ ዱካቸው ወዳለበት አዩ። ከዚያ ሳያቋርጡ፣ ጭላጭ ሳያስቀሩ ጨለጡት። የአንገታቸው ሥር ሲገተር አየሁ። ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ይጣፍጣል» አሉ።

«አባዬ…»

«ይጣፍጣል አልኩ! እናትሽም እንዲህ አትጠምቅም። በይ ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ አልኩ። መዳፋቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «የረገጥሽው ይለምልም። እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይይሽ። ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። ያሰብሽው ይሙላልሽ» አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ።

መስከረም ላይ «አንድ ሰው የቀረው!» ያለው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አሰላ ደርሼ ብርድ ልብሱን ስከናነብ ያሰብኩትን ያህል ደስ አላለኝም፤ ብርዱም ከምኞቴ በላይ ሆነብኝ። ግን ቀረሁበት፣ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ለገና ዕረፍት ስመለስ እትዬ ዘሃራ በር ላይ ያዙኝ። «አባትሽ ያን ነገራችሁን ሰላጣ ላይ ሲያደርጉት ነው የከረሙ» አሉኝ እየሳቁ። «አቼቶ ከሆነማ ለኔም ይፈቀዳል ብዬ አንድ ጠርሙስ ወስጃለሁ። አጃኢብ አቼቶ ነው!» ክፍሌ ስገባ ብርሃን ተቀበለኝ። አባቴ መስኮቱ ላይ የነበረውን ቅጠል በሙሉ አንሥተውት ነበር።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሆን ብለው ነበር ወይ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። የያዘኝም የለቀቀኝም ያው አንድ ፍቅር ነበር። ሲይዘኝ ግን አፍኖኛል፣ እሱን አልዋሽም።

ሜሮን ስልኳን እንደያዘች ነች። «እማ፣ በቃ የቱ ይሁን? እኔ ይኼ ቀዩ ተመችቶኛል። ይዘገያል፣ ግን ቆይቶ አሪፍ ነው አሉ።»

አየኋት። ሰው እናቱን ብቻዋን ትቶ ሊሄድ ሲያስብ ነው ጥላ የሚተክልላት።

«የት ነው የሚልኩሽ?» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ጅቡቲ» አለች ወለሉን እያየች። «እሺ አላልኩም እኮ ገና። አንቺን ለማን ጥዬ… ቢያንስ ይኼ ወይን ፍሬ እስኪይዝ ልቆይ ብዬ ነው።»

ፈራሁ። የአባቴ ፊት በኔ ፊት ላይ ሲመጣ ተሰማኝ። «እሺ፣ ቀዩን እዘዢ» ብላት ትቀር ነበር። ሳትከፋ፣ ሳታኮርፍ ትቀር ነበር፤ ቅጠሉ ሥር አብረን ተቀምጠን እጅሽ ይባረክ እያልኳት ዕድሜዋን እበላው ነበር።

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

«ወይኑን በኋላ እንመርጣለን» አልኳት። «መጀመሪያ ጎንበስ በይ።»